የማይታረሰው ሰማይ፦ በመጸው መግቢያ ስለሚታየው የምሽት ውበትና ስለ ደስታችን

በሀገራችን የዘመን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ደግሞ ክረምት ይባላል። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙው ሰው፣ በተለይም ተማሪው፣ አበባ የሚፈነዳበትን የመስከረምና የጥቅምት ወራት «ጸደይ» ብሎ መጥራትን ለምዷል። ስሙ የትኛውም ቢሆን የምንናገርለት ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ዝናሙ የሚያባራበት፣ አደይ አበባ ሜዳውን በቢጫ የሚሸፍንበት፣ ለሦስት ወራት ተዘግቶ የከረመውም ሰማይ የሚከፈትበት ወራት ነው።

በመሸንቲና በአካባቢዋ ይህ ለውጥ ጎልቶ ይታያል። መሸንቲ ከባሕር ዳር ወደ መራዊና ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ የሚኖረው ሕዝብ በእርሻ የሚተዳደር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኘው በዚህ ምድር የዓመቱ ዝናም አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ከቤት ክዳን ጋር የተጋጠመ እስኪመስል ዝቅ ይላል፤ ምሽቱም መቼ እንደ ገባ ሳይታወቅ ይጨልማል። መስከረም ሲጋመስ ግን ዝናም አምጪው የደመና መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይሸሻል። ዝናሙ አየሩን ከአቧራና ከጭስ አጥቦት ስለሚሄድ በዓመቱ ውስጥ እንደዚህ ወራት የጠራ ምሽት አይገኝም ብንል ማጋነን አይሆንም።

መስከረም 12 ወይም 13 ቀን ገደማ ቀንና ሌሊት ይተካከላሉ፤ ፀሐይም በትክክል በምዕራብ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ትጠልቃለች። በዚያን ሰዓት ብርሃንዋ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከቀትሩ ይልቅ እጅግ ረጅም የአየር መንገድ ያቋርጣልና፣ ሰማያዊው ጨረር በመንገድ ላይ ተበትኖ ሲቀር ቀዩና ብርቱካናማው ለዓይናችን ይተርፋል። በደጋማው የሰሜን ዓለም ወገግታው ብዙ ይቆያል፤ በእኛ ሀገር ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ሌሊት ይሆናል። ወዲያውም ቬጋ የተባለው ብሩህ ኮከብ ከራሳችን በላይ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ይታያል። ዛሬ የምናየው የቬጋ ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው የዛሬ 25 ዓመት ገደማ ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል የዐቅራብ ልብ የሚባለው ቀይ ኮከብ ወደ አድማስ ሲያዘቀዝቅ፣ ፍኖተ ሐሊብም ከደቡብ ተነሥቶ ሰማዩን እንደ ነጭ ነጠላ አቋርጦ ይዘረጋል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ የሥነ ፈለክ ጥያቄ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ይኸውም፦ ሥራ በበዛበት፣ ይልቁንም ወገን በሚያዝንበት ዘመን፣ ሰው በደጁ ቆሞ በሰማይ ውበት ደስ መሰኘቱ ተገቢ ነውን? የሚል ነው። በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ይሰነዘራሉ። ሁለቱም የሚናቁ ስላልሆኑ በየተራ እንመለከታቸዋለን።

«ሰማይ አይታረስ»

የመጀመሪያው መቃወሚያ የሠራተኛው ነው። አባቶቻችን ሊሆን የማይችለውን ነገር ሲገልጹ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ። ሰማይ ካልታረሰ እህል አይሰጥም፤ እህል ካልሰጠ እርሱን ቆሞ መመልከት የጠገበ ሰው ሥራ ነው ማለት ነው። መስከረም ለገበሬው የዕረፍት ወር ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። ያለፈው ዓመት ጎተራ ተሟጦ፣ ጤፉ ገና አረም የሚፈልግበት፣ በቆሎውም ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። እሸት እስኪደርስ ድረስ የልጆቿን ራት በማሰብ የምትጨነቅ እናት ለፍኖተ ሐሊብ ምን ጊዜ አላት?

ይህን ለሚለው ሰው በቅድሚያ የምናስታውሰው፣ ሰማይን በማየት ከገበሬው የሚቀድም ማንም አለመኖሩን ነው። ዝናሙን የሚያውቀው በደመና፣ ውርጩን የሚፈራው በምሽቱ ጥራት ነው። ሊቃውንቱም በዓላትንና አጽዋማትን በባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ የጨረቃንና የፀሐይን ጒዞ መሠረት ያደርጋሉ። ስለዚህ ሰማይን ለጥቅም መመልከት በሀገራችን የተከበረ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ክርክሩ የሚነሣው ከጥቅሙ በላይ ተርፎ በሚቀረው መመልከት ላይ ነው፤ ገበሬው ነገ ዝናም እንደማይጥል ካረጋገጠ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ በሚቆምበት ላይ ማለት ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በውብ ነገር የምናገኘው ደስታ የራስ ለማድረግ ከመመኘት የተለየ መሆኑን በሰፊው ተንትኗል። ይህን ለመረዳት ግን ፈላስፋ መሆን አያሻም፤ የራሳችን ምሳሌያዊ አነጋገር ያስተምረናል። ሰማይ ስለማይታረስ ድንበር የለውም፤ ግብር አይከፈልበትም፤ ወራሾች አይካሰሱበትም። በገጠራችን ወንድም በወንድሙ ላይ የተነሣው፣ ደምም የተቃባው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክንድ መሬት ምክንያት መሆኑን እናውቃለን። መሬት ሲካፈሉት ያንሳል። የምሽት ሰማይ ግን ዐሥር ሰዎች አብረው ቢያዩት ዐሥሩም ሙሉውን ያገኙታል፤ እንዲያውም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳየ ሰው ደስታው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እንዲህ ያለውን ደስታ የለመደ ልብ፣ የእኔ ሳይሆን መልካም የሆነ ነገር በዓለም እንዳለ ይማራል። የጎረቤቱ ልጅ ሲማር፣ የባልንጀራው አዝመራ ሲያምርለት ደስ ሊለው የሚችለውም ይህን የተማረ ሰው ነው። ምቀኝነት በቃል ብቻ ሲወገዝ አይጠፋም፤ በተቃራኒው ልማድ ቀስ በቀስ መተካት አለበት።

ከዚህም የሚከብድ ምክንያት አለ። ያየውን ሁሉ «ምን ይጠቅመኛል?» በሚል መስፈሪያ ብቻ የሚለካ ሰው መስፈሪያውን በሰማይ ላይ ብቻ አያቆመውም። ውሎ አድሮ ወደ ሰው ያዞረዋል። ማረስ ያቃታቸውን ሽማግሌ፣ አልጋ ላይ የዋለችውን በሽተኛ፣ አካሉ ጉዳት ያለበትን ሕፃን በዚያው ሚዛን ያስቀምጣቸዋል፤ ሚዛኑም ሁልጊዜ ያቀልላቸዋል። ነፍስ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ስለ ጋራ ቤታችን በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ቆም ብሎ ውበትን ማድነቅ ያልተማረ ሰው ሌላውን ሁሉ መጠቀሚያ ወደ ማድረግ እንደሚያዘነብል አስገንዝበዋል። ስለዚህ ጥቅም በሌለው ነገር ደስ መሰኘት ጥቅም የማይሰጠንን ሰው ማክበርን የምንለማመድበት ትምህርት ቤት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ለዚህ በቅርባችን ያለ ምሳሌ እንጥቀስ። ሁለተኛው የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፏፏቴው ውኃ ብዙው ወደ ማመንጫው በመዞሩ፣ ዝነኛው ፏፏቴ በዓመቱ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ቀጥኖ ይታይ ጀመር። መብራት ያስፈልገናል፤ ለሐኪም ቤቱም ለወፍጮውም የሚሆነውን ኃይል ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ፏፏቴውን ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ገደሉ ደርቆ ሲያየው የሚሰማው ኀዘን እንዲሁ ስሜት ብቻ አይደለም። በሒሳብ መዝገብ ያልተጻፈ አንድ እውነተኛ መልካም ነገር እንደ ጎደለ ልቡ ስለሚመሰክርለት ነው። ሁለት መልካም ነገሮች ሲጋጩ አንዱን መምረጥ ግድ ሊሆን ይችላል፤ የተተወውን ግን ዋጋ የለውም ማለት ሌላ ነገር ነው።

አበባና ስደት በአንድ ወራት

ሁለተኛው መቃወሚያ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ እንዲታወጅ ያደረሰው ግጭት በክልላችን ከተቀሰቀሰ ወዲህ ስንቶች ሞተዋል፤ ስንቶች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ ስንት ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እንግዲህ በአንዱ ቤት ለቅሶ ተቀምጠው ሳለ በሌላው ደጅ «ሰማዩ እንዴት ያምራል!» ማለት ጭካኔ አይሆንምን?

መልሳችንን ከቤተ ክርስቲያን የዘመን ሥርዓት እንጀምር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። ይህ ወራት በአንድ በኩል አበባው የሚወደስበት ነው። በሌላው በኩል ግን እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ነው። አባቶቻችን ምድር እጅግ የምታምርበትንና ስደት የሚታሰብበትን ጊዜ አንድ ላይ ማኖራቸው ብዙ ያስተምረናል። አበባውን ያዩ ዓይኖች ስደተኛዋን እናት እንዳይረሱ፣ ስደተኛዋን ያሰቡ ልቦችም አበባውን እንዳይክዱ አድርገዋልና። አባታችን አብርሃምም ከድንኳኑ ወጥቶ ከዋክብትን እንዲመለከት የታዘዘው ርስትና ልጅ ባልነበረው፣ በሰው ሀገር መጻተኛ በነበረበት ጊዜ እንደ ሆነ ኦሪት ይነግረናል።

ከቅርቡ ዘመን ታሪክም አንድ ምስክር እንጥራ። ኦስትሪያዊው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በናዚዎች የእስረኞች ሠፈር ውስጥ ያሳለፈውን መከራ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፉ ተርኳል። በዚያም ውስጥ፣ በረኀብና በድካም ወድቀው የነበሩ እስረኞች አንድ ምሽት የፀሐይን መጥለቅ እንዲያዩ ባልንጀራቸው እየሮጠ መጥቶ እንደ ጠራቸው፣ እነርሱም ወጥተው ቀልቶ የሚነደውን ደመና በዝምታ እንደ ተመለከቱ ይነግረናል። እነዚህ ሰዎች የጠገቡ አልነበሩም፤ ሕመማቸውንም አልረሱም። ነገር ግን አሳሪዎቻቸው ሊነጥቁአቸው ያልቻሉት አንድ ነገር እንዳለ በዚያ ቅጽበት አወቁ። ስለዚህ በውበት መደሰት የባለጸጋና የሰላማዊ ሰው ድርሻ ብቻ ነው የሚለው አባባል ከእውነት የራቀ ነው። እንዲያውም ያዘነውን ሰው «አንተ በኀዘንህ ብቻ ኑር፤ ውበት ለሌላው ነው» ማለት ሁለተኛ ድህነት መጨመር ይሆንበታል።

ይሁን እንጂ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ሁለት ዓይነት ደስታ አለ። አንደኛው የሚሸሽ ደስታ ነው፤ የጎረቤቱን ለቅሶ ላለመስማት ወደ ላይ አንጋጦ የሚቆም። ሁለተኛው የሚመለስ ደስታ ነው፤ ካየው ውበት የተነሣ ልቡ ሰፍቶ፣ ፊቱን ወደ ታች ሲመልስ በአጠገቡ ያለውን ሰው ቀድሞ ካየው አብልጦ የሚያይ። ፈረንሳዊቷ ጸሐፊ ሲሞን ቬይ (እ.ኤ.አ. 1909–1943) ራስን ገትቶ አንድን ነገር በእውነት ልብ ብሎ ማየት የተቸገረውንም ሰው ልብ ብሎ ለማየት እንደሚያዘጋጅ ጽፋለች። መለያው ቀላል ነው፤ ምሽቱን አይተን ስንገባ ምን እናደርጋለን? ለቅሶ ቤት የምንሄድ፣ ለተፈናቃዩ ከእንጀራችን የምናካፍል ከሆነ ደስታችን የቀና ነው። በራችንን ቆልፈን የምንተኛ ብቻ ከሆነ ግን ያየነው ሰማዩን ሳይሆን የራሳችንን ዕረፍት ነው።

እንዲሁም ውበትን ለሐዘንተኛ በመድኃኒት ፈንታ ማዘዝ አይገባም። ልጅዋን የቀበረችን እናት «ቀና ብለሽ ከዋክብቱን ተመልከቺ» ማለት ለእርሷ ሳይሆን ለተናጋሪው የሚቀል ቃል ነው። ለእርሷ የሚገባት አብሮ መቀመጥ፣ ውኃ መቅዳት፣ ቡና ማፍላት፣ ዝም ማለት ነው። ቀኑ ደርሶ እርሷ ራሷ ወደ ደጅ በወጣች ጊዜ ሰማዩ በቦታው ይጠብቃታል።

ጨለማን ስለ ማወደስ

በዚህ አጋጣሚ አንድ አስተያየት እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት መሠረት ከዓለም ሕዝብ ከ80 በመቶ የሚበልጠው ሰው ሠራሽ ብርሃን በጋረደው ሰማይ ሥር ይኖራል፤ ከሦስቱ አንዱም ፍኖተ ሐሊብን ከመኖሪያው ሆኖ ማየት አይችልም። በመሸንቲ ዙሪያ ባሉት የገጠር መንደሮች ያለው ልጅ ግን ከደጁ ያየዋል። ይህ በእውነት ሀብት ነው። ነገር ግን በኩራዝ የሚያጠናውን ተማሪ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን የምትወልደውንም እናት «ጨለማችሁ ሀብታችሁ ነው» ብሎ መደለል ግፍ ነው። የሚሻለው ብርሃኑ ለሁሉ እንዲዳረስ፣ ሲዳረስም ከተሞቻችን መብራታቸውን ወደሚያስፈልገው ወደ ምድር አዙረው ሰማዩን ሳይጋርዱት እንዲቆዩ ማሰብ ነው። ድህነት ሲቀር ውበቱ አብሮ የግድ መቅረት የለበትም።

ምሽት የሰላም መለኪያ

ከሁሉ በላይ ልባችንን የሚነካው ነገር የሚከተለው ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በሌሎችም የክልሉ ከተሞች የሰዓት እላፊ ገደብ በተጣለ ጊዜ ምሽት ሰዎች በደጃቸው የሚቆሙበት ሰዓት መሆኑ ቀርቶ በራቸውን የሚዘጉበት ሆኖ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በክልሉ በድሮን ጥቃት ጭምር ሲቪል ሰዎች መሞታቸውን አሳውቋል። ስለዚህ ቀና ብሎ ማየት ራሱ የሥጋት ምልክት የሆነባቸው ወገኖች አሉ ማለት ነው። ለእነርሱ ሰማዩ ምን እንደሚያወርድ አይታወቅም።

በዚህ ረገድ ከሰው ላይ ምን እንደ ተወሰደ በትክክል መሰየም ይገባል። ሕይወትና ንብረት መወሰዱን ሁሉ ሰው ይቈጥራል። ምሽት መወሰዱን ግን የሚቈጥር የለም። ሽማግሌው ከግቢው ወጥቶ ንፋስ የሚቀበልበት፣ ልጆች ጨረቃ ሥር የሚጫወቱበት፣ ጎረቤታሞች በአጥር ላይ ሰላም የሚባባሉበት ሰዓት እንደ ተረፈ ነገር ይታያል፤ የሰው ልጅ ግን ከሥራና ከፍርሃት ነጻ ሆኖ ሰው መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ሰዓት ነው። ሰላም ማለት የጠመንጃ ድምፅ መጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሩን ዘግቶ የተኛ ሁሉ ሰላም አለው በተባለ ነበር። እውነተኛ ሰላም የሚታወቀው አንዲት ልጅ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከቤቷ ወጥታ፣ ያለ አንዳች ሥጋት ወደ ሰማይ አንጋጣ ከዋክብትን መቊጠር ስትችል ነው። እንግዲህ የምሽትን ውበት የሚወድ ሰው ይህን ለጎረቤቱም፣ ለማያውቀውም፣ በሐሳብ ለማይስማማውም ሰው ሊመኝለት፣ በሚችለውም ሁሉ ሊደክምለት ይገባል። የወደደውን ነገር ለሌላው የማይመኝ ፍቅር ገና አልበሰለምና።

ለቤተሰብና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ከላይ የተባለው ሁሉ በተግባር እንዲውል ጥቂት ነጥቦችን እናቅርብ።

አንደኛ፤ የአካባቢው ሁኔታ በሚፈቅድበት ሁሉ፣ ወላጆች ከራት በፊት ወይም ከማታው ጸሎት በኋላ ልጆቻቸውን ለዐሥር ደቂቃ ወደ ግቢ ያውጡአቸው። ስልኩና ቴሌቪዥኑ በውስጥ ይቈይ። መናገርም አያስፈልግም፤ ልጆች ዝምታን የሚማሩት ዝም ከሚሉ ታላላቆች ነው።

ሁለተኛ፤ መምህራን ስለ ፍጥረት ሲያስተምሩ በሰሌዳ ላይ ብቻ አይወሰኑ። ሰማዩ ለምን እንደሚቀላ፣ የቬጋ ብርሃን ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ቢያስረዱ የልጆቹ አድናቆት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እውቀትና መደነቅ ባላጋራዎች አይደሉም።

ሦስተኛ፤ ከልጆቹ መካከል ወላጁን ያጣ ወይም ከቀዬው የተፈናቀለ ካለ፣ ደስ እንዲለው አይገደድ። በአጠገቡ ግን አንድ ሰው ይቁም። አብሮ መቆም ለብቻው ትምህርት ነው።

አራተኛ፤ ከዚያ ምሽት በማግሥቱ አንድ የምሕረት ሥራ ይታሰብ፤ የታመመ መጠየቅ፣ ለአቅመ ደካማ ማገዶ መልቀም፣ የተጣሉትን ለማስታረቅ መነሣት። የሚመለስ ደስታ የሚታወቀው በዚህ ነውና።

የአደይ አበባ ዕድሜ አጭር ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ ይረግፋል። የጠራውም ምሽት በጋው ሲገፋ በአቧራና በጭስ ይደበዝዛል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈተው ይህ ደጅ ሳይዘጋ፣ ሁላችንም ወጥተን እንድናይ፣ አይተንም ወደ ወንድሞቻችንና ወደ እኅቶቻችን እንድንመለስ የሰላም አምላክ ይርዳን።